እንግሊዝ ገለልተኛ ከነበረች ለምን ካሳ ከፈለች? የተማሪዬ ጥያቄ አስቸግሮኛል እርዱኝ

የሰቢያኗ ቲቸር፦
ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ እዚ ድሬ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ የተጠየቅኩትን ይዤ ነው የመጣሁት። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እያስተማርኩ ነበር፣ ከ1861 እስከ 1865 ያለውን (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳትወዛገቡ)። ሰሜኑና ደቡቡ ሲዋጉ እንግሊዝም ፈረንሳይም ገለልተኛ ነን ብለው አወጁ ብዬ ቦርዱ ላይ ጻፍኩ። ቀጥዬ ደግሞ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1872 እንግሊዝ ለአሜሪካ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተፈረደባት፣ ከፈለችም ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ አለኝ፣ እጁን አወጣና "ቲቸር ገለልተኛ ከነበረች ለምን ካሳ ከፈለች? ያልተጣላ ሰው ካሳ ይከፍላል እንዴ?" አለኝ።

ክፍሉ ጸጥ አለ ሁሉም እኔን ማየት ጀመረ። ኖቴ ላይ ያለኝ አንድ መስመር ነው ምክንያቱን አይልም። ነገ እመልስልሃለሁ አልኩት፣ ቃሌን መጠበቅ አለብኝ ምክንያቱም እንደዚ አይነት ልጅ አንዴ ካሳፈርሽው ሁለተኛ እጁን አያወጣም።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ስነግረው "ገለልተኛ የሚባል ነገር የለም ሁሉም የሚያየው ጥቅሙን ነው" ብሎ ዘጋኝ። ሊሆን ይችላል ግን ይሄ መልስ አይደለም፣ ለልጁ እንደዛ ብዬው ብመለስ ምን አስተማርኩት? ደግሞ ሌላ ያልገባኝ ነገር አለ፣ ሰሜኑ በገለልተኝነት አዋጁ ራሱ በጣም ተናዶ ነበር ይባላል። አልገባም ያለ ሰው ምን አናደደ? የምታውቁ ንገሩኝ፣ አደራ ወደ ዛሬ ፖለቲካ እንዳትወስዱብኝ።

ትራንዚተሩ ከከዚራ፦
ቲቸር ልጁን ሳሚልኝ። እኔ በትራንዚት ስራ ነው የምተዳደረው፣ ከጂቡቲ ለሚመጣ ዕቃ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) ሳዘጋጅ ነው የምውለው፣ ለዛ ነው ይሄ ታሪክ አንዴ ካነበብኩት በኋላ ከጭንቅላቴ ያልወጣው። የካሳው ምክንያት በዋናነት አንዲት መርከብ ናት፣ አላባማ ትባላለች።

ደቡቦቹ የረባ ባህር ኃይልም የመርከብ ፋብሪካም አልነበራቸውም፣ ስለዚ ጄምስ ቡሎክ የሚባል ሰው ሊቨርፑል ላኩ። እሱ ከወንዙ ማዶ በርከንሄድ ላይ ሌርድ ከሚባሉት መርከብ ሰሪዎች ጋር ተዋዋለ። እንግሊዝ ደግሞ በ1819 ያወጣችው ሕግ ነበራት፣ በግዛቷ ውስጥ ለሚዋጉ የውጭ ወገኖች የጦር መርከብ ማስታጠቅ ክልክል ነው የሚል። እዚ ጋ ነው ብልሃቱ፤ ሕጉ የሚከለክለው ማስታጠቁን ነው መስራቱን አይደለም ብለው ተረጎሙት። መርከቧ ያለ አንድ መድፍ ተሰራች፣ ፋብሪካው ውስጥ ስም እንኳን አልነበራትም ቁጥር ነበራት፣ 290። ውሃ ስትነካ ኤንሪካ ተባለች። መድፉና ባሩዱ በሌላ መርከብ በሌላ ወረቀት ሄደ፣ አዞረስ የሚባሉት የፖርቱጋል ደሴቶች ጋ ተገናኙና እዛ ታጠቀች ስሟም አላባማ ሆነ። በኛ ስራ ቢሆን አንድን ዕቃ ፈታተው በሁለት ዲክላራሲዮን አሳለፉት ነው የምንለው፣ እያንዳንዱን ወረቀት ለብቻ ስታዪው ንጹህ ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጪው ነው የጦር መርከብ የሚወጣው።

እንግሊዞች አላወቁም እንዳይባል አውቀዋል። ለንደን የነበረው የሰሜኑ መልእክተኛ ቻርልስ ፍራንሲስ አዳምስ ምስክር እየሰበሰበ ቃል እያስፈረመ ማስረጃ ሲያስገባባቸው ነው የከረመው። ማስረጃው ለመንግስት የሕግ አማካሪ ተላከ፣ ሰውየው ግን በዛው ሰሞን አእምሮውን ታሞ ነበርና ወረቀቱ ቤቱ ተቀምጦ ስንት ቀን አለፈ። ትያዝ የሚለው ነገር ሲቆረጥ እሷ የለችም። ጁላይ 29 ቀን 1862 ሙከራ ልወጣ ነው ብላ ሴቶች ሳይቀሩ እንግዶች ጭና ከወደብ ወጣች፣ እንግዶቹን በትንሽ ጀልባ መለሰቻቸውና በዛው ሄደች። ከዛ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ 65 ገደማ የሰሜን መርከቦችን ያዘች፣ አብዛኛዎቹን አቃጠለች፣ በመጨረሻ ጁን 1864 ፈረንሳይ ሼርቡር ፊት ለፊት ኪርሳርጅ የምትባል የሰሜን መርከብ አሰመጠቻት።

እና የካሳውን ክርክር ለመዳኘት ጄኔቭ ላይ አምስት ዳኞች ሲቀመጡ (ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከጣልያን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከብራዚል አንድ አንድ) እንግሊዝ ተዋግታለች ወይ ብለው አልጠየቁም። ከደጃፍሽ የሚወጣውን ለመጠበቅ የሚገባሽን ጥንቃቄ አድርገሻል ወይ ነው ያሉት። ለልጁ እንዲህ በዪው፣ ልክ ነህ ያልተጣላ ሰው ካሳ አይከፍልም፣ ግን ግቢው ውስጥ ዱላ ሲጠረብ እያየ በሩን ያልዘጋ ሰው ይከፍላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ተምረውበታል። በ1863 እዛው ሌርድ ጋ ለደቡቡ ሁለት ብረት ለበስ መርከቦች እየተሰሩ ነበር፣ ከፊታቸው የመርከብ ሆድ የሚበሳ ቀንድ ያላቸው። ያን ጊዜ ግን መንግስት ወረቀቱ ንጹህ ነው ብሎ አልተኛም፣ ያዛቸውና ኋላ ለራሱ ባህር ኃይል ገዛቸው።

አፈተኢሳ፦
አቦ ቲቸር ወንድምሽ ልክ ነው። እንግሊዝ ፋብሪካዋ የሚሰራበት ጥጥ ከአምስት አራቱ እጅ ያህሉ ከአሜሪካ ደቡቦቹ ነበር የሚመጣው፣ ደቡቦቹም ይሄን አውቀው መጀመሪያ ላይ ጥጡን ራሳቸው ነው የያዙባት፣ ተርባ ትመጣልናለች ብለው። ስንዴ ደግሞ ከሰሜን ትገዛለች። መሀል ላይ ቆማ ስታሰላ ነበር። በ1862 መኸር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓልመርስተንና የውጭ ጉዳዩ ራስል እናስታርቅ እንግባበት ሲባባሉ ነበር፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን እማ ኦክቶበር ላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ የደቡቡ መሪዎች ሀገር ሰርተዋል ብሎ ተናገረ። ገለልተኛ መንግስት ሚኒስትር እንደዚ ይናገራል?

ፈረንሳይም ያው ናት፣ ናፖሊዮን ሳልሳዊ አሜሪካ በራሷ ችግር ስትያዝ ጠብቆ ነው ሜክሲኮ ወታደር የላከው። የሩሲያ መርከቦች በ1863 ኒውዮርክና ሳንፍራንሲስኮ ሲገቡም ሰሜኖቹ ሊረዱን መጡ ብለው ድግስ ደገሱ፣ እነሱ ግን የመጡት በፖላንድ አመጽ የተነሳ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ቢነሳ የራሳቸው ወደብ ውስጥ እንዳይዘጋባቸው ነው። ሁሉም የራሱን ነው የሚያስበው።

ጡረተኛው ባቡር፦
አፈተኢሳ ልጄ የጻፍከው ልክ ነው ግን ግማሹ ነው። ሊገቡ ፈልገው ነበር፣ እሺ፣ ለምን አልገቡም? ሴፕቴምበር 1862 አንቲታም ላይ የደቡቡ ጦር ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ሊንከን በአምስተኛው ቀን የባሪያ ነጻነቱን አዋጅ አሳወቀ፣ ከዛ በኋላ ደቡቡን መርዳት ማለት ባርነትን መርዳት ሆነ። ኖቬምበር ላይ ናፖሊዮን ሦስታችን (ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ሩሲያ) ሆነን የስድስት ወር ተኩስ አቁም እንጠይቅ ሲል የእንግሊዝ ካቢኔ ቁጭ ብሎ ተከራክሮ አይሆንም አለ። ጥቅም ብቻ ቢሆን ጥጡ እኮ ያን ጊዜ ነበር ጭራሽ ያለቀባቸው።

አሁን ቲቸር ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ሰሜኑ የተናደደው በስሙ ነው። ሊንከን ሀገር ውስጥ እነዚህ ሽፍቶች ናቸው አመጸኞች ናቸው ይላል፣ ግን ኤፕሪል 1861 የደቡብን ወደቦች በባህር ኃይል እከባለሁ ብሎ አወጀ። በዓለም ሕግ ከበባ የሚደረገው በጦርነት ነው፣ የሌላ ሀገር መርከብ ባህር መሀል አስቁመሽ የምትፈትሺውም በጦርነት ጊዜ ብቻ ነው። እንግሊዝ እንግዲህ ጦርነት ከሆነ ሁለት ተዋጊ ወገን አለ ማለት ነው አለች፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ሜይ 13 አወጀች። አዳምስ ለንደን የገባው በዛኑ ቀን ነው፣ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ አለቀ። ተዋጊ ወገን የሚለው ስም ለደቡቡ ትልቅ ነገር ነው፣ መርከቦቹ እንደ ባህር ሽፍታ አይታዩም፣ ገለልተኛ ወደብ ገብተው ከሰል ይቀዳሉ ይጠገናሉ፣ ገንዘብ ይበደራሉ። ደቡቡም ግን አልረካም፣ እሱ የፈለገው ሀገር ተብሎ መታወቅ ነበር፣ ያንን እስከ መጨረሻው አንድም መንግስት አልሰጠውም። ሁለቱንም አስቀየመች ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከድሬ ልናገር። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሰራው፣ በ1935 ጣልያን ሲመጣብን ባቡሩ ምን ይጭን እንደነበርና ምን እንዳልጫነ እስኪሞት ድረስ ያወራ ነበር። ያ የእርስ በርስ ጦርነት አልነበረም፣ ወረራ ነው፣ ግን ገለልተኞቹ ያደረጉት ይሄንኑ ጉዳይ ይመስላል። አሜሪካ ለሁለቱም መሣሪያ አንሸጥም አለች፣ ፈረንሳይም በጂቡቲ የሚመጣልንን መሣሪያ ያዘችብን። ጣልያን ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም ራሱ ይሰራል። ለሁለቱም እኩል መከልከል ወረቀት ላይ እኩል ነው፣ መሬት ላይ ግን አንዱን ብቻ ነው ባዶ እጁን ያስቀረው። አባቴ ይሄን ሲያወራ ድምጹ ይለወጥ ነበር።

በዓመቱ በእስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ይሄው ተደገመ። 1936 ሀያ ሰባት የአውሮፓ መንግስታት ጣልቃ አንገባም ብለው ተስማሙ፣ ለንደን ላይ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጀርመንና ጣልያን ኮሚቴው ላይ እየተቀመጡ መንግስቱ ላይ ላመጸው ጄኔራል ፍራንኮ ወታደርና አውሮፕላን ላኩ፣ ሶቪየት ደግሞ ለመንግስቱ ላከ። ከልባቸው የከለከሉት እንግሊዝና የመሳሰሉት ናቸው፣ የተመረጠው የእስፔን መንግስት ግን በገዛ ብሩ ከነሱ መሣሪያ መግዛት አቃተው። ተማሪዎችሽ ይሄንንም ከአላባማ ጎን ያስቀምጡት፣ አንዱ ጋ ጥፋቱ በሩን አለመዝጋት ነው ሌላው ጋ ደግሞ መዝጋቱ ነው፣ እኔ ይሄ ነገር እስከዛሬ ይከነክነኛል።

የፈታይዋ ልጅ፦
እኔ ስለ ጥጡ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ሁላችሁም ስለ ሚኒስትሮች ነው ያወራችሁት። እናቴ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች፣ ጥጥ የዘገየ ቀን ማሽኑ ዝም ሲል ቤታችንም እንዴት ዝም እንደሚል አውቀዋለሁ። ላንክሻየር የሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ በ1862 መጨረሻ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በእርዳታ ነበር የሚበላው፣ ፈታዮችና ሸማኔዎች ናቸው፣ ዕቃቸውን ሸጠው ጨርሰው። ከህንድ የመጣው ጥጥ ጭረቱ አጭር ስለሆነ ክሩ እየተበጠሰ ስራ ያለውም ሰው ደሞዙ ግማሽ ሆነበት።

እና እነዚህ ሰዎች ዲሴምበር 31 1862 ማንቸስተር ላይ ተሰብስበው ለሊንከን ደብዳቤ ጻፉለት፣ ባርነትን ለማጥፋት የጀመርከውን ጨርስ ብለው። ሊንከን በጃንዋሪ መለሰላቸው፣ ችግራችሁን አውቃለሁ አዝናለሁ ብሎ። ከሰሜን አሜሪካም ዱቄት የጫነች መርከብ መጣችላቸው። ዛሬ ማንቸስተር ውስጥ የሊንከን ሐውልት አለ። ሁሉም ሰራተኛ እንደዛ ነበር አልልም፣ እዛው ላንክሻየር ውስጥ ከበባው ይነሳልን ደቡቡ ይታወቅ ያሉ ከተሞችም ነበሩ፣ የራበው ሰው እንደዛ ቢል እኔ አልፈርድበትም። ግን ገለልተኝነቱን በሆዳቸው የከፈሉት እነሱ ናቸው፣ ቲቸር እባክሽ ለልጆቹ ይሄን ሳትነግሪያቸው እንዳታልፊ።

የጀጎል ልጅ፦
ወላሂ እንደዚ አይነት ውይይት ናፍቆኝ ነበር። የጥጡ ነገር ከተነሳ እስከ ሐረር ይመጣል፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

የአሜሪካ ጥጥ ሲጠፋ እንግሊዝ ወደ ህንድና ወደ ምስር (ግብጽ) ዞረች። የግብጽ ጥጥ ዋጋው ጣራ ነካ፣ የግብጽ ገዢ ኢስማኤል ስልጣን የያዘው ልክ በዛው መሀል በ1863 ነው፣ ብሩ የማያልቅ መሰለው። ባቡር ዘረጋ፣ ቦይ ቆፈረ፣ ካይሮን እንደ ፓሪስ ላድርጋት አለ፣ አፍሪካ ውስጥም ትልቅ ግዛት ተመኘ። 1865 ጦርነቱ ሲያልቅ የአሜሪካ ጥጥ ተመለሰ፣ ዋጋው ወረደ፣ እሱ ግን አላቆመም ተበደረ። እና ጦሩን ለማዘመን ማንን ቀጠረ መሰላችሁ? ጦርነት አልቆባቸው ስራ የፈቱ የአሜሪካ መኮንኖችን ነዋ፣ ከሰሜንም ከደቡብም። የሰሜኑ ጄኔራል ስቶን የጦሩ ኤታማዦር ሆነ፣ አንድ እጁ የተቆረጠው የደቡቡ ጄኔራል ሎሪንግ ደግሞ በ1876 ጉራ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ሆኖ አጼ ዮሐንስን ሊወጋ መጥቶ ነው የተሸነፈው። ቤታቸው ሲገዳደሉ የነበሩ ሰዎች እኛ ሀገር ጠረፍ ላይ በአንድ ባንዲራ ስር ሲሰለፉ አስቡት።

ከዛ በፊት ባለው መኸር፣ ኦክቶበር 1875፣ የምስር ጦር አዛዥ ራኡፍ ፓሻ ከዘይላ ተነስቶ ሐረር ገባ። አሚሩ ሙሐመድ ተገደለ፣ ከተማችን ለአስር ዓመት የምስር ወታደር ሰፈረባት። በቀጣዩ ወር ኢስማኤል በዕዳ ተይዞ የስዊዝ ቦይ ድርሻውን ለእንግሊዝ በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ዕዳው አላቆመም፣ 1882 እንግሊዝ ራሷ ግብጽን ያዘች፣ 1885 የምስር ወታደር ከሐረር ወጣ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምኒልክ ሐረርን የያዙበት የጨለንቆ ጦርነት መጣ።

የአሜሪካ ጦርነት ብቻውን ሐረርን አስያዘ አልልም፣ ኢስማኤል የራሱ ምኞት ነበረው የቱርክም ነገር የቀይ ባህርም ነገር አለበት። ግን ያ ሁሉ የጥጥ ብር ባይገባ ያን ያህል ይደፍር ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ጀጎል ውስጥ ሆኖ በ1861 ቻርለስተን የተተኮሰውን፣ ጦርነቱን የጀመረውን መድፍ ማን ይሰማዋል? አያቶቻችን ስሙን እንኳን አያውቁትም። ቲቸር ልጆቹን ይዘሽ አንድ ቅዳሜ ነይ፣ በሮቹን እያሳየሁ አወራላቸዋለሁ።

አፈተኢሳ፦
የጀጎል ልጅ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እውነት አስተማርከኝ። ጋሼም እሺ፣ ካቢኔው እንቢ ያለው ጥጡ ባለቀ ሰዓት ነው የሚለው ጥቅም ብቻ ያልኩትን ያፈርሰዋል፣ ተቀብያለሁ። ሰሜኑን ፈርተውም ነው ማለቴን ግን አልተውም፣ የእንግሊዝ ግዛት የነበረችው ካናዳ እዛው አጠገቡ ነበረች። በ1861 መጨረሻ ሰሜኖቹ ትሬንት ከምትባል የእንግሊዝ ፖስታ መርከብ ላይ ሁለት የደቡብ መልእክተኞች ሲያወርዱ እንግሊዝ 11 ሺህ ገደማ ወታደር ወደ ካናዳ ልካለች፣ ልዑል አልበርት ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ እንግሊዝ ለሰሜኑ የጻፈችውን ደብዳቤ ባያለዝበውና ሊንከን ሰዎቹን ባይለቅ ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምናወራው።

ጡረተኛው ባቡር፦
ፍርሃትም ነበረበት ልጄ፣ እሱን አልክድህም።

የሰቢያኗ ቲቸር፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ትላንት ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ሳነባችሁ ነበር። ዛሬ ክፍል ገብቼ ዝም ብዬ መናገር አልፈለግኩም። ትራንዚተሩ ባለው መሰረት ወረቀት ቆራረጥኩና ልጆቹን የሊቨርፑል ጉምሩክ አደረግኳቸው። አንዱ ወረቀት ላይ መርከብ፣ መድፍ የላትም፣ ለሙከራ ትወጣለች ይላል፣ ሌላው ላይ የአዳምስ ምስክር ቃል አለ፣ ሌላው የ1819 ሕግ። ታልፋለች ወይስ አታልፍም ወስኑ አልኳቸው። ከግማሽ በላይ የሆኑት አሳለፏት፣ ሕጉ አይከለክልም ብለው። አንዷ ልጅ ጥጡ ካልመጣ ሰራተኞቹ ምን ይበላሉ ብላ ተከራከረች (የፈታይዋ ልጅ አንቺን አስታወስኩ)። ያ ዝምተኛው ልጅ ብቻ ሦስቱንም ወረቀት ገለባብጦ አየና እጁን አወጣ፣ "ቲቸር መድፉን የጫነችው የሌላኛዋ መርከብ ወረቀት የታለ?" አለኝ።